የጎረቤት እርሾ

ጠዋት ፊት ከመታጠብ በፊት እርሾ ይቀዳል። በኮዬ ኮንዶሚኒየም ይህን ማንም ማንንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረም፤ ልጅ የጫማ ክር ማሰር እንደሚለምደው ሁሉም ለምዶት ነው ያደገው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ የጨው ዕቃ የምታህል ሳጥን ተለጥፋለች። ውስጧ ምን እንዳለ የሚያውቁት የሠሯት ሰዎች ናቸው። ሌላው ሰው የሚያውቀው፣ አንዲት ነገር ውስጧ ያለ ሥርዓት ስትንጫጫ እንደምታድር፣ ጫጫታው ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ፣ ቁጥሩንም ሳጥኗን የሠራት ሰው እንኳ ቀድሞ ሊያውቀው እንደማይችል ነው። የቤቱ ኮምፒውተር ያንን ቁጥር ወስዶ የዕለቱን ቁልፍ ያቦካል። በር የሚከፈተው በዚያ ቁልፍ ነው፣ ውኃም የሚወርደው በዚያ ነው። መንግሥት ለቁጥሩ ረጅም ስም አውጥቶለት ነበር። ሕዝቡ ግን እርሾ አለውና ስሙ በዚያው ጸና።

ቁልፉ በየቀኑ የሚለወጠው በገማቹ ምክንያት ነው። ገማቹ የሁሉን ቤት ኮምፒውተር በሚያገናኘው መስመር ላይ ሲዞር የሚውል ፕሮግራም ነው። የሠሩት ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ ረስተውታል፤ እሱ ግን ሥራውን አላቆመም። ሰው ከራሱ ያወጣውን ቁልፍ፣ የልደት ቀንም ይሁን የልጅ ስም፣ ከቁርስ በፊት ገምቶ ይጨርሰዋል። ኮምፒውተር በስሌት ያወጣውንም እንደዚያው። ሲያገኘው ደግሞ አይሰርቅም፤ ቢሰርቅ ይሻል ነበር። ቁልፉ የሚከፍተውን ሁሉ ያጠፋል፣ ያበራል፣ መልሶ ያጠፋል፣ ሕፃን የመብራት ማጥፊያ ሲያገኝ እንደሚያደርገው። ሲሰለቸው ቆልፎት ወደ ሌላ ይሄዳል። እንዲህ የሆነበት ሰው ስሙ ተወሰደ ይባላል። አዲስ ስም እስኪሰጠው ድረስ የገዛ በሩ አያውቀውም።

ወይዘሮ ትርንጎ አራተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ እየሰፋች ትኖራለች። ባለቤቷ ጋሽ ይርዳው ዕድሜውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ መሪው ከሰው እጅ ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ከዚያ ልቡ ታመመ። ሲመታ ይቸኩላል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይረሳዋል። ሐኪሙ ሲያዳምጠው ቆይቶ፣ "እንዲህ የተዘበራረቀ ልብ አጋጥሞኝ አያውቅም" አለና ደረቱ ውስጥ ማሽን አስገባለት። ማሽኑ ልቡን እየመራ በልክ ያስመታዋል። ሐኪም ቤቱ የሚከታተለው በመስመሩ ስለሆነ ማሽኑን ከመስመሩ መንቀል አይቻልም። ስለዚህ እሱም እንደ በሩ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ይለወጥለታል።

ለዚህ ሲባል ሐኪም ቤቱ ለትርንጎ የተለየ ሳጥን ሰጥቷታል። የሌላው ሰው ሳጥን ርካሽ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበት ይገባውና ይሞታል፤ ምትኩም ከወረዳው ቶሎ አይመጣም። የትርንጎ ግን ከባድና ጠንካራ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለው፣ ዘገምተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አጠራቅሞ ጠዋት የሚሰጠው ለአንድ ቀን ቁልፍ የሚበቃ አንድ ሙሌት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ባዶ ነው።

ደረጃው ላይ "እርሾ ከቤት አይወጣም" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በማስታወቂያው ሥር በየጠዋቱ የሚወጣውና የሚወርደው እርሾ ግን ብዙ ነው። ጎረቤት እርሾ የሚቀዳበትን ካርዱን ይዞ በር ላይ ቆሞ "ትንሽ እርሾ አለሽ?" ሲል የለም የሚባልበት አንደበት ከየት ይመጣል? ትርንጎም ሐምሌ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አስካለ በመጡ ጊዜ ከራሷ ላይ ቆንጥራ ሰጠቻቸው። በማግስቱም ሰጠቻቸው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላት ነበር፤ በሰው ቤት የጠፋ ነገር በእሷ ቤት መገኘቱ ያኮራት ነበር።

ችግሩ ቁጥር የማይቆነጠር መሆኑ ነው። ቡሖ ላይ የምትጨመር እርሾ ስትሰጥ የሰጠኸው ይሄዳል፣ የቀረው ያንተ ነው። ቁጥር ግን ስትሰጠው ሙሉውን ሰጥተህ ሙሉው አንተ ጋ ይቀራል። ይህን በኮዬ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እጃቸው ግን የሚያውቀው የቀደመውን ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቀን ረፋድ፣ ትርንጎ ክር ልትገዛ ስትወርድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘች። እትዬ አስካለ የቆሻሻ ባልዲ ይዘው የገዛ በራቸው ፊት ለፊት ቆመዋል። በመስኮቱ በኩል የሳሎናቸው መብራት ይታያል። ይጠፋል። ይበራል። ወጥ ቤት ውኃው ሿ ይልና ይቆማል። ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ ያያል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ማውራት ገማቹን የሚጠራው ይመስላቸዋል።

የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሚልክያስ ከሥራው ተጠርቶ መጣ። የመስመር መሐንዲስ ነው፣ ሰው ሲያናግር ድምፁን አይጨምርም።

"እትዬ፣ የዛሬውን እርሾ ከየት ነው የቀዱት?"

"ከቤቴ ነዋ። ከየት ልቀዳ ኖሯል?"

"የእርስዎ ሳጥን ከሞተ ከረመ አይደል እንዴ?"

"አንዳንድ ቀን ይነሳል" አሉ እትዬ አስካለ። ትርንጎን አላዩዋትም። ሌላውን ሰው ሁሉ ተራ በተራ እያዩ እሷን ዘለሏት።

"እኔ ለመቅጣት ብዬ አይደለም የምጠይቅዎት" አለ ሚልክያስ። "ከአንድ እርሾ ብዙ ቁልፍ ከተቦካ ቁልፎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ገማቹ አንዱን ካገኘ የሌሎቹን መልክ ለየ ማለት ነው። ከእርስዎ ሌላ ማን ዘንድ እንዳለ ልወቅ።"

እትዬ አስካለ ባልዲውን መሬት አስቀመጡ። "ከላይኛው ቤትም ከታችኛውም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቻለሁ። እምቢ ልበል?"

የሚቀጥለው ቤት መብራት ጠፋ። በራ። ትርንጎ ክሩንም ምኑንም ትታ ወደ ላይ ሮጠች። እሷ የሰጠችው ለአንዲት ሴት ነበር። አንዷ ሴት ለፎቁ ሁሉ ማዳረሷን ያወቀችው አሁን ነው። ከሁሉም ጋር አንድ እናት ያለው ቁልፍ ደግሞ ባሏ ደረት ውስጥ ነው ያለው። ለሚልክያስ ለምን ያን ጊዜ እንዳልነገረችው በኋላ ራሷን ጠየቀች። ፈርታ ነው፤ የተውሶ እርሾ ሲገኝ ሐኪም ቤቱ ሳጥኑን ያነሳል ይባላል።

ይርዳው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጥፍሩን ይቆርጣል።

"ቁልፍህን እንለውጠው" አለችው።

"ጠዋት ለውጠሽው የለ?"

"እንደገና። እሺ በለኝ ዝም ብለህ።"

በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የእርሾው መጠን የሚታይባት ትንሽ የማሰሮ ሥዕል አለች። ባዶ ነበረች። ሐኪም ቤት ደወለች፤ ለስለስ ያለ የማሽን ድምፅ ተራዋን እንድትጠብቅ ነገራትና መዝሙር ከፈተላት። ስልኩን ክፍት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ቁጥር ጥራ" አለችው። "ያሰብከውን። ኮምፒውተሩ ይሰማል።"

"ምን ዓይነት ቁጥር?"

"ዝም ብለህ ጥራው አልኩህ እኮ።"

ይርዳው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። ሠላሳ አንድ፣ ዘጠና አራት፣ አሥራ ሰባት፣ ስድሳ። ማሰሮዋ አልተነቃነቀችም። ትርንጎ ፊቱን አየችው።

"እነዚህ የአውቶቡስ መስመሮችህ ናቸው።"

"ታዲያ ሌላ ምን ቁጥር አውቃለሁ?"

እሷ ሞከረች፤ ከአፏ የወጣው የመጋረጃ ልክ ነበር። ምስር አምጥታ ሰፌድ ላይ በተነች፣ የኮምፒውተሩ ካሜራ አየው፣ ማሰሮዋ ታች ላይ ቀጭን መስመር አበጀች። ሰብስባ ደግማ በተነች። መስመሯ ጥቂት ወፈረች። በዚህ አካሄድ ማታ ይሆናል። የፊት ለፊቱ ቤት በር ቋ ብሎ ተከፈተ፣ ቋ ብሎ ተዘጋ፣ ማንም ሳይነካው። ገማቹ እነሱ ፎቅ ደርሷል።

"ትርንጎ፣ ምንድነው የሆነው?" አለ ይርዳው። አሁን ጥፍር መቁረጫውን አስቀምጧል።

"የእትዬ አስካለ ስም ተወሰደ። ገማቹ ወደዚህ እየመጣ ነው። ቁልፍህን ካገኘው ያጠፋሃል።"

"መልሶ ያበራኝ የለ?"

"እስኪያበራ ትቆያለህ?"

ይርዳው ወደ በሩ ዞረ። የበሩን ቋ፣ ቋ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ሸሚዙን መፍታት ጀመረ።

"እኛው ቤት አለ እኮ የምትፈልጊው" አለ። "ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው? እንዲህ የተዘበራረቀ አላየሁም አላለም? ማሽኑን አጥፊውና የኮምፒውተሩን ማይክ ደረቴ ላይ አድርጊው።"

"ሰውዬ፣ አብደሃል?"

"እሱ ከሚያጠፋኝ አንቺ አጥፊኝ። አንቺ መቼ እንደምታበሪ ታውቂያለሽ።"

ነርሷ ማሽኑ ሲፈተሽ ደረት ላይ በሚጠጋ መክፈቻ እንዴት እንደሚጠፋ አሳይታት ነበር። ሰው ከደረጃው ወርዶ እስኪመለስ ያህል ልቡ ብቻውን ይችላል፤ ከዚያ በላይ እንዳይሞከር ብላታለች። ትርንጎ ማይኩን ደረቱ ላይ አድርጋ መክፈቻውን አጠገቡ አስጠጋችና ያዘችው። ይርዳው የራሱን እጅ ጨመረበት። አብረው ተጫኑት።

መጀመሪያ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከዚያ በድምፅ ማጉያው ልቡ ብቻውን ሲሠራ ተሰማ። ሁለቴ ተቻኩሎ መታ። ቆመ። አንዴ በደካማው መታ፣ ደግሞ ሦስቴ ተደራርቦ፣ ደግሞ ዝም አለ፣ ዝምታው ረዘመ። ማሰሮዋ መሙላት ጀመረች። ትርንጎ ከማሰሮዋ ወደ ከንፈሩ፣ ከከንፈሩ ወደ ማሰሮዋ ታያለች። ከንፈሩ እየጠቆረ ነው።

"ስንት ፌርማታ ቀረን?" አላት በቀጭን ድምፅ።

"ግማሽ አልፈናል።"

"ትራፊክ አለ?"

"ዝም በል፣ አትድከም።"

ማሰሮዋ አንገቷ ላይ ስትደርስ ቆመች። ትርንጎ መጀመሪያ የተበላሸ መሰላት። ከዚያ ሰማችው። ልቡ በልክ እየመታ ነበር። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ደካማ ግን እኩል። ይህን ነበር ስንት ዘመን በየቤተ ክርስቲያኑ ስትለምን የኖረችው። ስለቷ ዛሬ፣ አሁን ሰመረ። እኩል የሆነ ነገር ደግሞ እርሾ አይሆንም። ጣቶቹ መዳፏ ውስጥ እየቀዘቀዙ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ የሚቀጥለው በር ቋ አለ።

ልቡን የሚያስደነግጥ ነገር ፈለገች። የነበራት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ይርዳው፣ ስማኝ። እርሾው ያንተ ነበር። እኔ ነኝ ለእትዬ አስካለ የሰጠሁት። ያንተን። በየቀኑ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ከሐምሌ ጀምሮ።"

ዓይኑን ገልጦ አያት። ልቡ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሮጠ፣ ተሰናከለ። ማሰሮዋ ሞላች።

መክፈቻውን ተጫነችው። ማሽኑ ነቅቶ ልቡን እጁን ይዞ እንደሚመራ ሰው ወደ ልኩ መለሰው። ኮምፒውተሩ አዲሱን ቁልፍ አቡክቶ መጀመሪያ ለማሽኑ ሰጠ። ለበሩና ለመብራቱ ገና አልደረሰም ነበር፣ የሳሎናቸው አምፖል ጠፋ። በራ። ወጥ ቤት ቧንቧው ሿ አለ። በራቸው ቋ ብሎ ተከፈተ። ትርንጎ ባሏ ደረት ላይ በሁለት እጇ ተጭና ጠበቀች፤ እንዲያ መያዙ ምንም እንደማይጠቅም ታውቃለች። በሩ ተዘጋ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ አለ ከእጇ ሥር። ገማቹ በአሮጌው ቁልፍ ማሽኑን ሞክሮት ይሆናል፣ አልከፈተለትም። ወደ ላይኛው ፎቅ ሲሄድ ሰሙት።

የይርዳው ከንፈር ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ተመለሰ።

"ለእኔ ብቻ ነው ብለሽኝ ነበር" አለ በመጨረሻ። ይህን ሲል የቤቱም ቁልፍ ተለውጦ ነበር።

ትርንጎ ሦስተኛ ፎቅ ወደ ተሰበሰበው ሰው ተመልሳ ወረደች። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነውር መሰላት፤ እትዬ አስካለ ስሟን ላለመጥራት ሲሉ በገዛ በራቸው ላይ ቆመው ቀርተዋል። "ከእኔ ነው" አለች። "የሁላችሁም ከእኔ ነው። ያላችሁን ቁልፍ ጣሉት።" ሚልክያስ እየተሯሯጠ በየቤቱ ገብቶ ያልተያዘውን አስዘጋ። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ መጣ።

"የጋሽ ይርዳው እንዴት ሆነ? ሳጥኑ ባዶ ሆኖ በምን ለወጡት?"

ከጭንቅ የወጣ ሰው ወሬ አይቆጥብም። ሁሉንም ነገረችው፣ ማይኩን፣ ማሰሮዋን፣ ልቡ በልክ ሲመታ የሆነውን። ሰዉ ከበባት። ሚልክያስ በገረሜታ አፉን ይዞ ሰማት።

"ከየትኛውም ሳጥን ይበልጣል እኮ ይሄ" አለ። "ያውም በዚያች አጭር ጊዜ ሙሉ ማሰሮ። ሳጥንዎ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅበትን።" ይህን ከተናገረ በኋላ የከበባቸውን ሰው አየ። የተናገረውን መልሶ መዋጥ የሚችል ቢሆን ኖሮ የሚውጠው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ከሳጥኑ ቀድታ የይርዳውን ቁልፍ ለውጣ ገና መክፈቻውን ሳታስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። እትዬ አስካለ ናቸው። ሌሊቱን እህታቸው ቤት አድረው መምጣታቸው ነው፤ ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ወተት ይዛለች፣ አንዱ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሏል፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው።

"ትርንጎዬ፣ እንዴት አደረ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደረ።"

"ተመስገን። ሳንተኛ ነው ያደርነው ስለ እሱ።" ካርዱን እያገላበጡ ዝቅ ብለው አዩት። "ከሳጥኑ አንጠይቅሽም። እሱ የልቡ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ ትናንት ተማምለናል። አዲስ ስም ዛሬ ወረዳው ይሰጠኛል፣ ግን እርሾ ካላመጣሁ አያስገቡኝም። የሁላችንም ሳጥን ሞቷል። የእሱ ልብ በትንሽ ጊዜ ይሞላል ተብሏል። ለእኔ ትንሽ ብቻ፣ ለአንድ ጠዋት። ሌላውም ተራ በተራ፣ እያሳረፍነው።"

ትርንጎ የበሩን እጀታ ያዘች። "እትዬ፣ ያ እኮ እሱን አጥፍቼ ነው።"

"መልሰሽ ታበሪው የለ፣ ልጄ?" አሉ እትዬ አስካለ፣ በፍጹም ቅንነት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ስምሽን አልጠራሁም እኮ ትናንት። በሬ ላይ ቆሜ ቀረሁ እንጂ አልጠራሁሽም።"

ይህ እውነት ነው። ትርንጎ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የማትረሳው ውለታ ነው። ከውስጥ የይርዳው ድምፅ መጣ፣ ጠዋት እንደሚሆነው የተጎረነነ።

"ማን ነው? በር ላይ አታቁሚያቸው። ግቡ በያቸው እንጂ።"

እትዬ አስካለ አንድ እግራቸውን አነሱ። ደረጃው ላይ ያሉትም አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጡ።

"የለንም" አለች ትርንጎ።

በሕይወቷ በር ላይ ለቆመ ጎረቤት ብላ የማታውቀው ቃል ነው። ድምፁም የእሷ አልመሰላትም። እትዬ አስካለ ያልሰሙ መስለው ፈገግ አሉ፤ ትርንጎ በሩን በፊታቸው ላይ ቀስ ብላ ዘጋችና ቁልፉ ቋ ሲል ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። 

"ማን ነበር?" አለ ይርዳው።

"ማንም አይደለም።"

ሲሄዱ ለመስማት ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች። ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹ ይሰማታል፣ ፌስታሉም አንዴ ኮሽ አለ። ደረጃውን የሚወርድ ኮቴ ግን አልነበረም።